የዐውደ ርእይ ንድፍ ሙያና ለሙያው የሚደረግ ዝግጅት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳቀርብ ሲጋብዘኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔው ትቶልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ርእሱን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም። የመረጠልኝ ባለፈው ዓመት ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የዐውደ ርእይ ነዳፊ ለመሆን ምን ልማር?» ሲል የጠየቀኝ አንድ ወጣት ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ልመልስለት ከተነሣሁ በኋላ የተሟላ መልስ እንደሌለኝ ተረዳሁ። ሥዕል ተማር እንዳልለው፣ በጎበዝ ሠዓልያን ተነድፈው ተመልካች ግራ ተጋብቶ የሚወጣባቸውን አዳራሾች አውቃለሁ። የሕንፃ ንድፍ ተማር እንዳልለው፣ ግድግዳው አምሮ ቅርሱ የተረሳባቸው ክፍሎች ታወሱኝ። የታሪክና የአርኪዮሎጂ ትምህርት ተከታተል እንዳልለው፣ በዕውቀት የተሞሉ፣ ነገር ግን ማንም ቆሞ የማያነባቸው ረጃጅም መግለጫዎች በዓይነ ኅሊናዬ መጡ። ስለዚህ «ከሳምንት በኋላ ተመለስ» ብዬ አሰናበትሁት። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ወጣት በዚያች ቀን ሳልሰጠው የቀረሁት መልስ ነው።

የሙያው ምንነት

ስለ ዝግጅቱ ከመናገራችን በፊት የምንዘጋጅለትን ሥራ ለይተን ማወቅ ይገባናል። ብዙ ሰው የዐውደ ርእይ ንድፍ ሲባል ግድግዳ ማስቀባት፣ የመስታወት ሣጥን ማሠራትና ዕቃውን በውስጡ አሳምሮ መደርደር ይመስለዋል። እነዚህ ሁሉ የሥራው ክፍሎች መሆናቸው አይካድም፤ ይሁን እንጂ ፍሬ ነገሩ ከዚህ ይሰፋል። ነዳፊ በሁለት ባለመብቶች መካከል የቆመ ባለአደራ ነው። አንደኛው ባለመብት ቅርሱ ነው፤ እርሱ መናገር አይችልም፣ ሲጎዳም አይጮኽም፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጣውም ትውልድ መድረስ አለበት። ሁለተኛው ባለመብት ተመልካቹ ነው፤ እርሱ ደግሞ ጊዜው አጭር፣ እግሩ የሚደክም፣ ለማወቅ ጓጉቶ የመጣ ሰው ነው። ለተመልካቹ ስንል ቅርሱን ብንጎዳ አደራ በልተናል፤ ለቅርሱ ስንል ተመልካቹን ባዶውን ብንመልሰውም እንዲሁ አደራ በልተናል።

ሥራው በስሙ አዲስ ቢመስልም በግብሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አብያተ ክርስቲያናትን ያነጹና የሣሉ አባቶቻችን ሰውን ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ ደረጃ በደረጃ የሚያቀርብ ሥርዓት ነበራቸው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚሣሉት ሥዕሎችም የየራሳቸው ስፍራ ነበራቸው እንጂ ሠዓሊው ደስ ባለው ቦታ የሚያሰፍራቸው አልነበሩም። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ያን ግድግዳ እየዞረ ታሪኩን ይማር ነበር። ተመልካችን በእግሩ እያስኬዱ ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት ማለት ይኸው ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ደግሞ ለጀማሪ ባለሙያ ትምህርት የሚሆኑ ሦስት ምሳሌዎችን እጠቅሳለሁ። የመጀመሪያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎው ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የሚገኘው ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ደረጃውን የሠሩት ጣልያኖች ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን ለመቁጠር ነበር። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠችበት። በዚያች ምስል ምክንያት የወራሪው መታሰቢያ የድል መታሰቢያ ሆነ። አንድን ዕቃ ሳይነኩ፣ በአጠገቡ በሚቀመጠው ነገር ብቻ ትርጉሙን መለወጥ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ አስተማሪ አላውቅም። ይህ ሥልጣን ለበጎም ለክፉም ሊውል ስለሚችል ነዳፊ ሊፈራው ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ከአገሪቱ ማእዘናት ብዙ የባህል ዕቃዎች ተሰብስበውበታል። እነዚህን ዕቃዎች በየብሔረሰቡ ወይም በየክፍለ ሀገሩ ከፋፍሎ መደርደር ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የባህል ዕቃዎቹ ዐውደ ርእይ የሰውን ልጅ ሕይወት ተከትሎ፣ ከልደት ወደ ልጅነት፣ ከልጅነት ወደ ጉልምስና፣ በመጨረሻም ወደ ሞት እንዲሄድ ተደርጎ ተዘጋጀ። በዚህም ምክንያት ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ የሌላውን ብሔረሰብ የልጅ ማዘያ ሲያይ እናቱን ያስታውሳል። አሰላለፉ ራሱ አንድ ሐሳብ ይናገራል፤ ሐሳቡም በግድግዳ ላይ መጻፍ ሳያስፈልገው ይሰማል።

ሦስተኛው ድንቅነሽ ናት። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ የተገኘው የአፅሟ ክፍል 40 በመቶ ያህሉ ነው። በብሔራዊ ሙዚየም በዘወትር ለሕዝብ የሚታየው ቅጅው ሲሆን፣ ዋናው አፅም በልዩ ጥንቃቄ ተጠብቆ ይኖራል። ለነዳፊው ከዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ፍጡር ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ብትቆም ተመልካቹ ረጅም አድርጎ ይገምታታል፤ ስለዚህ የመቆሚያው ከፍታ ራሱ ዕውቀትን ያቀናል ወይም ያዛባል። የሚታየው ቅጅ መሆኑንስ እንዴት እንናገር? ደብቀን ተመልካቹን ማስደነቅ አይሳነንም። ነገር ግን የሙዚየም ትልቁ ሀብት መታመን ነው፤ በአንድ መግለጫ ላይ የተታለለ ተመልካች የቀሩትን አያምንም።

ለሙያው የሚያስፈልገው ዝግጅት

እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚሰናዳ ወጣት ምን ይማር? እኔ በአምስት እከፍለዋለሁ።

በመጀመሪያ እጁን ያሠልጥን። እርሳስና ሜትር የነዳፊ ፊደል ናቸው። አንድን አዳራሽ ለክቶ በ1 ለ50 መጠን በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ከዚያም በ1 ለ20 መጠን ከካርቶን ሞዴሉን ሠርቶ ዓይንን ወደ ወለሉ ዝቅ በማድረግ ሰው ከበሩ ሲገባ ምን እንደሚያይ መመርመር የዘወትር ልምምዱ ይሁን። ዛሬ ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር መሥራት ይቻላል፤ ወጣቶቻችንም ከእኛ ይልቅ ያውቁበታል። ይሁን እንጂ ሥፍራው ድረስ ሄዶ ያልለካ ሰው በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ፣ ትልቁ ሣጥን በደረጃው ይለፍ አይለፍ ከኮምፒዩተሩ አያገኘውም። በሥራ ዘመኔ ከአዳራሹ በር ሰፍቶ የተገኘ ሣጥን በግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው ለማየት በቅቻለሁ። ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ቤቶቻችን መልካም በሮች ናቸው። የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርትም ሌላው በር ነው። በየትኛውም በር ቢገባ የቀሩትን ክፍሎች ሳያንኳኳ መኖር አይችልም።

ሁለተኛው የቁሳቁስን ጠባይ ማወቅ ነው። ብርሃን ቅርስን ያሳያል፤ ያው ብርሃን ቅርስን ይበላል። በሙያችን እንደ ልማድ የተያዘው መጠን ለብራና፣ ለወረቀትና ለጨርቅ 50 ሉክስ፣ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ ያህል ነው። የደጅ የቀትር ፀሐይ ግን ከ100,000 ሉክስ በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ላይ የብርሃን ጉዳት እየተጠራቀመ ይሄዳል። አንድ ሙዚየም በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ክፍት ቢሆን፣ በ50 ሉክስ የተቀመጠ ብራና በዓመቱ 120,000 ሉክስ ሰዓት ይቀበላል። ያንኑ ብራና በ500 ሉክስ ብናኖረው የዓመት ድርሻውን በ30 ቀን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ መብራቱ ቢጠፋ፣ ቅርሱም ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ ቢያርፍ፣ የጠፋው ቀለም አይመለስም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ጎጂው የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ መስኮት ለእኛ ከሌላው አገር ባልደረባችን ይልቅ የሚያሳስብ ነገር ነው።

የሣጥኑም ሥሪት እንዲሁ ነው። ያልደረቀ እንጨትና ብዙው ኮምፔንሳቶ የሚያወጡት አሲድ እርሳስን የመሰሉ ማዕድናትን ይበላል። ከሱፍ የተሠራ ጨርቅ የሚያወጣው ድኝ የብር መስቀልን ያጠቁራል። መስቀሉ የተነጠፈለት ጨርቅ ያማረ ስለሆነ ብቻ የተመረጠ ከሆነ፣ ጌጡ ራሱ ጠላት ሆነ ማለት ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም የተጀመረውና የኦዲ ሙከራ የሚባለው ዘዴ ለዚህ መፍትሔ ይሰጣል፤ የሚፈተሸው ቁስ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁራጮች ጋር በጥቂት ውኃ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሆኖ በ60 ዲግሪ ሙቀት 28 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ማዕድናቱ መለወጥ አለመለወጣቸው ይታያል። ሃያ ስምንት ቀን መጠበቅ የማይችል የሥራ መርሐ ግብር በጥድፊያ የተዘጋጀ ነው።

ሦስተኛው መጻፍ ነው። ነዳፊ ጸሐፊ ባይሆንም የመግለጫ ጽሑፍን መመዘን መቻል አለበት። ቆሞ የሚያነብ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚያነብ ሰው አይደለም፤ ለአንድ ዕቃ ከ50 እስከ 75 ቃላት ይበቃሉ። የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ካዕብን ከሣልስ፣ ሳድስን ከግዕዝ የምትለየው ትንሽ ጭረት በደብዛዛ ብርሃን ትጠፋለችና፣ ለላቲን ፊደል የተሰላውን መጠን እንዳለ መውሰድ አይገባም። መግለጫው ሕፃንም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰውም ሊያነበው በሚችልበት ከፍታ ይሰቀል። ቅርሱ የተገኘበት ሕዝብ ቋንቋ በመግለጫው ላይ ስፍራ ቢያገኝ ደግሞ ባለቤቱ በገዛ ዕቃው ፊት እንግዳ አይሆንም።

አራተኛው ሰውን ማወቅ ነው። ይህን የምለው የማይታየውን ነገር ለይቶ ለማወቅ ጭምር ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ካሉት 11 ታቦታት አብዛኞቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ታቦታቱ ወደ አገራቸው መመለስ እንደሚገባቸው እኔ አልጠራጠርም፤ ለዛሬው ነገራችን የምጠቅሰው ግን ያ ታላቅ ቤት እንኳ ለሕዝብ ሊያሳያቸው አለመድፈሩን ነው። የሙዚየሙ ሠራተኞችም እንዳያዩአቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ማሳየት ሙያችን ቢሆንም አለማሳየትም የሙያችን ክፍል ነው። እንደዚሁም በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አስቡ። በዚያ የሟቾች ፎቶግራፎችና አፅሞች አሉ። የልጇን ፎቶግራፍ ልታይ የምትመጣ እናት አለች። እርሷ የምትቀመጥበት ወንበር የት ይሁን? ብቻዋን ልታለቅስ ብትፈልግ ከተማሪዎቹ ጩኸት የምትርቅበት ጥግ አለ ወይ? ይህን ጥያቄ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም።

አምስተኛው ከእጅ ባለሙያዎችና ከገንዘብ ጋር መኖርን መልመድ ነው። አናጢው፣ ብረት በያጁና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ንድፉን በእርሳስ ካሰፈረው ሰው የማያንስ ድርሻ አላቸው። ወጣቱ ቢያንስ ጥቂት ወራት በእንጨት ሥራ ቤት ያሳልፍ፤ ምስማር መትቶ ጣቱን ያቆሰለ ነዳፊ የማይሠራ ነገር አይነድፍም። በጀት ሲጻፍም ሣጥኑ ከተሠራ በኋላ የሚቃጠለው አምፖል፣ የሚጸዳው መስታወት፣ የሚለወጠው ቁልፍ አብሮ ይታሰብ።

ከራሴ ጥፋት የተማርሁት

ባልደረቦቼ እንድትታገሡኝ እየለመንሁ አንድ የራሴን ነገር ልናገር። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት በአንድ ከተማ የተዘጋጀ ዐውደ ርእይ እንድነድፍ ተመደብሁ። ከቅርሶቹ መካከል ከአንድ ገዳም በውሰት የመጣ፣ ሥዕሎች ያሉበት የተአምረ ማርያም መጽሐፍ ነበር። ከገጾቹ እጅግ ያማረውን መርጬ ከፈትሁት። በገጹ ላይ ሥዕሉን የምትሸፍን ትንሽ የጨርቅ መጋረጃ በክር ተሰፍታ ነበር። ለእኔ እይታን የምታግድ ትርፍ ነገር መሰለችኝና ወደ ኋላ ገልብጬ አሰርኋት። ሣጥኑንም የጧት ብርሃን ወደሚገባበት ወደ ምሥራቁ መስኮት አስጠጋሁት። የመጣው ሁሉ አደነቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። ለአንድ ወር የታሰበው ዐውደ ርእይ ስምንት ወር ቆየ።

መጽሐፉን ሊረከቡ የመጡት የገዳሙ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ነበሩ። ገጹን ባዩ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አሉ። ሐምራዊው ቀለም ወደ አመድማ ተለውጧል፤ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ገርጥቷል፤ ብራናውም ከሙቀቱ የተነሣ ወደ ላይ ተጣሟል። መነኩሴው የታሠረችውን መጋረጃ ፈትተው በጣታቸው ዳሰሷትና፣ «ልጄ፣ ይህችን የሰፏት እኮ ሰው እንዳያይ ብለው አይደለም» አሉኝ።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አሉና መጽሐፉን በማኅደሩ ከትተው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ።

መጋረጃዋ፣ ማኅደሩ፣ መጽሐፉን በግድግዳ ከእርጥበት አርቆ መስቀሉ፣ ሁሉም ቅርስን ከብርሃን፣ ከአቧራና ከውኃ የሚጠብቁ ዘዴዎች መሆናቸውን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። በውጭ አገር መጻሕፍት ላነበው የምጓጓውን ትምህርት አባቶች በክርና በመርፌ ጽፈውልኝ ኖሯል፤ እኔ ግን አስሬ ወደ ኋላ ገለበጥሁት።

ከዚህ የከፋውን ልጨምር። በመረከቢያው ሰነድ ላይ መጽሐፉ «በደኅና ተመልሷል» ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም ፈረምሁ። መነኩሴው ክርክር አልፈለጉም፤ እኔም እውነቱን ለማስጻፍ ድፍረት አልነበረኝም። ስለዚህ ያ ጉዳት በየትኛውም መዝገብ አይገኝም፤ ሌላ ነዳፊም ከእርሱ ሊማር አልቻለም። ዛሬ በፊታችሁ የተናገርሁት ፊርማዬን ለማረም ያለኝ መንገድ ይህ ብቻ ስለሆነ ነው።

የማኅበራችን ድርሻ

በአገራችን ሥራው እየሰፋ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ሥራው ምን ያህል እንዳደገ ለማስረዳት ይበቃል። የሚሠራው ሲበዛ የሚሳሳተውም ይበዛልና ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሙያው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራን አባላት እያንዳንዳችን አንድ ወጣት ለአንድ ዓመት በአጠገባችን እናሠልጥን። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ቅርስ ወደ ዐውደ ርእይ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ይዞታው በፎቶግራፍና በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ነዳፊውም ይፈርምበት፤ ፊርማውም የእኔን ፊርማ አይምሰል። ሦስተኛ፣ ነዳፊ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ቀለም እንዲመርጥ መጠራቱ ቀርቶ ሐሳቡ ሲጠነሰስ ከታሪክ አዋቂውና ከቅርስ ጥገና ባለሙያው ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጥ በየመሥሪያ ቤታችን እንታገል።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። በቀጠሮው ቀን መጣ። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ ሜትር ሰጥቼ፣ እኔው በነደፍሁት አዳራሽ ጥግ ሦስት ቀን ተቀምጦ ሰዎች የት እንደሚቆሙ እንዲመዘግብ ላክሁት። በአራተኛው ቀን ደብተሩን አሳየኝ። ብዙ ከደከምሁበትና ብዙ ገንዘብ ከወጣበት ከመካከለኛው ሣጥን ፊት የቆመው ሰው ጥቂት ነበር። ብዙው ሰው የቆመው በጥጉ በተቀመጠችው የእጅ ወፍጮ ዘንድ ነው፤ እናቶች ጎንበስ እያሉ እህል እንዴት ይፈጭ እንደነበር ለልጆቻቸው ያሳያሉ። «ጋሼ፣ እዚያ ጋ መግለጫ የለም፤ ግን ሰዉ ሁሉ ያወራል» አለኝ።

የመካከለኛውን ሣጥን ባለፈው ክረምት አብረን ከፈትነው። እንደገና እየነደፍነው እንገኛለን፤ የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጣው እርሱ ነው። መጋረጃም አለው።